የላይኛው ክንፍ ከመለጠፉ በፊት

ባለ አንድ ክንፍ የፕላስቲክ አውሮፕላን ሞዴል ገጣጥሞ እጁን ያፍታታ ሰው ወደ ባለ ሁለት ክንፍ አውሮፕላን ሲሻገር ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በቅደም ተከተል ነው። የላይኛው ክንፍ አንዴ ከተለጠፈ ከሥሩ ብሩሽ እንደ ልብ አይገባም፣ ወረንጦ አይዞርም፣ የብርጭቆ ወረቀትም አይደርስም። ያልተቀባው ሳይቀባ፣ ያልተበሳው ሳይበሳ ይቀራል። ስለዚህ ኪቱን (በሳጥን የሚሸጠውን ያልተገጣጠመ ሞዴል) ከፍታችሁ መመሪያውን ስታነቡ እያንዳንዱን ደረጃ በእርሳስ ለሁለት ክፈሉት፦ ክንፉ ከመለጠፉ በፊት ማለቅ ያለበትና ከተለጠፈ በኋላ ብቻ የሚሠራ። መመሪያው ራሱ ይህን አይከፍልላችሁም። አብዛኛው መመሪያ መጀመሪያ ሙሉውን አውሮፕላን ያስገጥምና ቀለሙን በመጨረሻው ገጽ ላይ ያሳያል። በድርብ ክንፍ ሞዴል ይህን ተከትሎ የሠራ ሰው ሥራው ይበላሽበታል።

ለማሳያ የምይዘው የእንግሊዙን ዴ ሃቪላንድ ታይገር ሞዝ ነው። በ1931 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጻፍኩትን ለይቼ እጠቁማለሁ)። የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 8.94 ሜትር ነው። በ1/72 ስኬል (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው) 12.4 ሴ.ሜ፣ በ1/48 18.6 ሴ.ሜ፣ በ1/32 ደግሞ 27.9 ሴ.ሜ ይሆናል። ለመጀመሪያ ድርብ ክንፍ 1/48ን እመክራለሁ። በ1/72 ሁለቱን ክንፎች የሚያያይዙት ምሰሶዎች እንደ ስቴኪኒ ጫፍ ቀጥነው በወረንጦ ሲያዙ ይሰበራሉ። በ1/32 ደግሞ የአብራሪው ክፍል ውስጥ ያለው ሁሉ ስለሚታይ ሥራው በእጥፍ ይጨምራል።

ታይገር ሞዝ የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ። ከእሱ በፊት በነበረው የሞዝ አውሮፕላን የነዳጅ ታንኩ በላይኛው ክንፍ መካከል፣ ልክ ከፊት መቀመጫው አናት ላይ ነበር። ፊት የሚቀመጠው አሠልጣኝ ፓራሹት ታጥቆ ለመውጣት ይቸገር ነበር። መፍትሔው የላይኛውን ክንፍ ወደ ፊት መግፋት ሆነ። ይህ ሚዛኑን ስላዛባው ክንፎቹ ከመካከላቸው ወደ ኋላ እንዲያዘነብሉ ተደረገ። ይህን ታሪክ የማነሣው ሞዴሉ ላይ ስለሚታይ ነው፦ ምሰሶዎቹ ቀጥ ብለው አይቆሙም፣ ወደ ፊት ያዘነብላሉ፤ የፊቱና የኋላው፣ የግራውና የቀኙ አይለዋወጡም። ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ላይ ስትቆርጧቸው ተመሳሳይ መስለው ጠረጴዛ ላይ ከተቀላቀሉ በኋላ መለየት ያስቸግራል። አንድ በአንድ ቁረጡ፣ ቁጥሩን በማስኪንግ ቴፕ ላይ ጻፉና ምሰሶውን እዚያው ላይ ለጥፉት።

ስለ ሳጥን አገዛዝ ትንሽ ልበል። በአንድ ስም ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ኪቶች አሉ። የእንግሊዙ ኪት አምራች ኤርፊክስ ታይገር ሞዝን በ1/72 መጀመሪያ በ1950ዎቹ ነበር ያወጣው፤ በ2014 ደግሞ ሙሉ በሙሉ አዲስ ሞልድ (ፕላስቲኩ ፈስሶ የሚወጣበትን ቅርጽ) አሠርቶ አወጣው። ባለ ሁለት ክንፉ የእንግሊዝ ተዋጊ ግላዲያተርም እንዲሁ ነው፤ አዲሱ የ2013 ነው። የቀድሞዎቹ ለሰብሳቢ ዋጋ አላቸው፣ ለገጣሚ ግን የጠርዝ ትርፍ ፕላስቲክ ማጽዳትና ክፍተት በስቱኮ መሙላት ነው የሚሆኑት። የሳጥኑ ሥዕል አያስተማምንም፤ አሮጌ ሞልድ በአዲስ ሳጥን ይወጣል። ስኬልሜትስ የሚባለው ድረ ገጽ የእያንዳንዱን ኪት የሞልድ ታሪክ በዓመት ዘርዝሮ ያሳያል፤ ሳይከፍቱት ገንዘብ ማውጣት አይገባም።

ያገለገለ ወይም ቆይቶ የተከፈተ ሳጥን ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። ክንፉን መስታወት ላይ ጋደም አድርጉት፤ አንዱ ጫፍ ከተነሣ ጠምሟል ማለት ነው። መጥመም ኪቱን አያስጥልም። 60 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውኃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነክራችሁ በእጅ እያቃናችሁ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስገቡት። የፈላ ውኃ ግን ቀጭኑን የክንፍ ጠርዝ ያኮማትረዋል። ሁለተኛው ምሰሶዎቹ ናቸው፤ በመጓጓዣ ቀድመው የሚሰበሩት እነሱ ስለሆኑ አንድ በአንድ ቁጠሯቸው። ሦስተኛው ዲካሉ፣ ማለትም በውኃ የሚለቀቀው ተለጣፊ ምልክት ነው። ግልጹ ፊልም ቢጫ ከሆነ በላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ለጥፉት፤ ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይነጣል። ቢሰነጣጠቅ ደግሞ አንድ እጅ የሚያብረቀርቅ ቬርኒሽ ንፉበትና ሲደርቅ እያንዳንዱን ምልክት በጠርዙ ዙሪያ ቆርጣችሁ ተጠቀሙበት። ምንጊዜም ከማያስፈልጋችሁ ትንሽ ምልክት ጀምሩ፤ ውኃ ውስጥ ከተበታተነ የቀረውን ታድናላችሁ።

ስለ ዋጋም አንድ እውነታ ልጨምር። የኒውዚላንዱ ዊንግነት ዊንግስ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች በ1/32 በማውጣት የተመሰገነ ነበር፤ በ2020 ተዘጋ፣ የሳጥኖቹም ዋጋ ወዲያው ሰማይ ነካ። እነዚያን ለመገጣጠም ብሎ አሁን በውድ መግዛት አያዋጣም። ኤዱዋርድ በ1/48፣ የኪየቩ አይሲኤም ደግሞ በ1/32 ጥሩ ድርብ ክንፎች አላቸው፤ ታይገር ሞዝ ራሱ በአይሲኤም በ1/32 አለ።

አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ዕቃው እንዴት ይምጣ ነው። ኪቱ በዘመድ ሻንጣ ያለ ችግር ይመጣል። ፈሳሹ የፕላስቲክ ሙጫ፣ የላከርና የኢናሜል ቀለም፣ ቲነርና የሚነፋ ቆርቆሮ ቀለም ግን ተቀጣጣይ ስለሆኑ በአውሮፕላን ሻንጣ መጫን የተከለከሉ ናቸው። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ሰው አደራ ስትሉት እነዚህን አትጨምሩበት፤ ኤርፖርት ላይ ይወሰድበታል። በውኃ የሚቀጥኑትን እንደ ቫዬሆ ያሉ አክሪሊኮች ጠይቁ። ሱፐር ግሉ፣ የእንጨት ኮላ፣ ምላጭ፣ የብርጭቆ ወረቀት (400፣ 800 እና 1200 ቁጥር)፣ የፋርማሲ መርፌና ስሪንጅ እዚሁ ይገኛል። ስቱኮ ካጣችሁ የሕፃን ፓውደር ከሱፐር ግሉ ጋር ለውሱ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፤ ሳያድር ግን ቁረጡትና አለስልሱት፣ ሲያድር ከፕላስቲኩ በላይ ይጠነክራል። የመኪና ቀለም ቤት ቲነርና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ሁለቱም ፕላስቲኩን ያቀልጡታል። ሞዴሉን በእነዚህ እንዳታጥቡ።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ ክፍሎቹን ከነፍሬማቸው ለብ ባለ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡ፤ ከሞልዱ የተረፈ ቅባት ካለበት ቀለም ይላጣል። ከዚያ ማንኛውም ነገር ከመጣበቁ በፊት በሁለቱ ክንፎች መካከል የሚወጠሩት ሽቦዎች የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች ብሱ። ክንፉ ጠረጴዛ ላይ ጋደም ብሎ ሳለ መብሳት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ ግን ፑንታው ቀጥ ብሎ አይገባም፣ ምሰሶም ትሰብራላችሁ። ለ1/72 የ0.3 ሚ.ሜ፣ ለ1/48 የ0.4 ሚ.ሜ ፑንታ በእጅ መያዣ ተጠቀሙ። በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አይሞከርም፤ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ቀዳዳው የሚሆንበትን ቦታ መጀመሪያ በመርፌ ጫፍ ነካ አድርጉት፣ ፑንታው እንዳይንሸራተት። ጥልቀቱ 1 ሚ.ሜ ይበቃል። ፑንታው ላይ በጫፉ በኩል 1 ሚ.ሜ አስተርፋችሁ ማስኪንግ ቴፕ ብትጠቀልሉ ክንፉን ወደ ላይ አልፎ አይበሳም።

የአብራሪዎቹ ክፍል ቀላል ነው፤ ሁለት መቀመጫ፣ ሁለት መሪ ዘንግ፣ የመሣሪያ ሰሌዳ። ቀበቶውን ከማስኪንግ ቴፕ በ1 ሚ.ሜ ስፋት ቆርጣችሁ ሥሩት። አካሉን በሁለት ግማሽ ስታጣብቁ ሙጫው በመገጣጠሚያው ላይ በቀጭኑ ብቅ እስኪል ጫን አድርጉት፤ አንድ ቀን ይደር። ቶሎ ካለሰለሳችሁት ሙጫው ኋላ እየደረቀ ይሰበሰብና ቀለም ከተቀባ በኋላ መሥመሩ ተመልሶ ይታያል። የጀርባው መገጣጠሚያ ከሁለቱ ክንፎች መካከል የሚውል ስለሆነ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል፤ በኋላ የምታርሙበት ዕድል የለም።

የታችኛውን ክንፍ ስታያይዙ ጫፎቹ ትንሽ ወደ ላይ ይነሣሉ። ሁለቱ ጫፎች ከጠረጴዛው እኩል ከፍታ ላይ መሆናቸውን በማስመሪያ ለኩ። ግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት እዚህ ምንም አይመስልም፤ ላይኛው ክንፍ ሲመጣ ግን አንዱ ምሰሶ ቀዳዳውን ይስታል።

አሁን ቀለም። የጦርነቱ ዘመን የእንግሊዝ አየር ኃይል ታይገር ሞዝ ከላይ ጥቁር አረንጓዴና የአፈር ቡናማ፣ ከሥር ደማቅ ቢጫ ነበር። ብዙዎች የሚስቱት ነገር እዚህ አለ፦ በአንዳንዶቹ ላይ የታችኛው ክንፍ የላይ ገጽታ እንደ ላይኛው ክንፍ አልተቀባም። ላይኛው ክንፍ ጥላውን ስለሚጥልበት ከሰማይ ሲታይ እንዳይጠቁር ፈዘዝ ባለ አረንጓዴና ፈዘዝ ባለ ቡናማ ይቀባ ነበር። ስለዚህ አራት የካሞፍላዥ ቀለም ያስፈልጋል፤ የታችኛው ክንፍም ለብቻው ቀድሞ ያልቃል። የምትሠሩት አውሮፕላን ይህ ይኑርበት አይኑርበት የቀለም መመሪያውን አይታችሁ ወስኑ።

ቢጫው ግትር ቀለም ነው። ግራጫ ፕራይመር (የመጀመሪያ መሠረት ቀለም) ላይ ከተቀባ አረንጓዴ ይመስላል፤ ደጋግሞ በመቀባት ለማስተካከል ሲሞከር ደግሞ ክንፉ ላይ የተቀረጸው የጨርቅ መሥመር ይደፈናል። መጀመሪያ ነጭ ወይም ፈዛዛ ሮዝ ንፉበት፣ ከዚያ ቢጫውን በሦስት ስስ እጅ። ቢጫው ከቡናማው በፊት ይቅደም፤ ጥቁር ቀለም ፈዛዛውን በቀላሉ ይሸፍናል፣ ቢጫ ግን ጥቁሩን አይሸፍንም።

ከቀለሙ በኋላ አንድ እጅ የሚያብረቀርቅ ቬርኒሽ፣ ከዚያ ዲካል። ዲካል ደብዛዛ ቀለም ላይ ከተለጠፈ ከሥሩ አየር ይቀራልና እንደ ብር ያንጸባርቃል። የዲካል ማለስለሻ ፈሳሽ ከሌላችሁ ነጭ ኮምጣጤ በእኩል ውኃ በጥብጣችሁ በብሩሽ ንኩት፤ ፊልሙ ይለሰልስና የክንፉን የጎድን አጥንት ይዞ ይተኛል። በሁለቱ ክንፎች መካከል የሚገባ ዲካል ሁሉ አሁን ያልቃል። ምሰሶዎቹም፣ የላይኛው ክንፍ ሥሩም፣ የነዳጅ ታንኩም ተቀብተው መጠናቀቅ አለባቸው።

የላይኛውን ክንፍ መለጠፍ የሥራው እምብርት ነው። መጀመሪያ የምሰሶዎቹ ጫፍ የሚገባበትን ቀዳዳና የምሰሶዎቹን ጫፍ ከቀለም ፋቁ። ፈሳሹ ሙጫ ፕላስቲክን አቅልጦ ነው የሚያያይዘው፤ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ከቀለም ያያይዛል፣ በሽቦ ሲወጠርም ተላጦ ይነሣል። ኋላ ላይ የሚወድቅ ክንፍ ሁሉ ማለት ይቻላል ምክንያቱ ይህ ነው።

ከዚያ ክንፉን ገልብጣችሁ መያዣ ላይ አስተኙት። መያዣ ስል ከሌጎ ወይም ከወፍራም ካርቶን የተሠራ፣ ክንፉን ሳያነቃንቅ የሚይዝ፣ አካሉን ደግሞ ከሁለት ጎን አቁሞ የሚይዝ ቅርጽ ነው። ካርቶኑን በመመሪያው የፊት ለፊት ሥዕል መሠረት ብትቆርጡት ማዕዘኑን ይጠብቅላችኋል። አውሮፕላኑን በጀርባው ገልብጣችሁ ክንፉ ላይ አውርዱ። መጀመሪያ የመካከሎቹን አራት ምሰሶዎች ብቻ በእንጨት ኮላ ያዙ። ኮላ ደካማ ቢሆንም እስከ 20 ደቂቃ ድረስ ማስተካከል ይፈቅዳል፤ ሱፐር ግሉ ግን ጠማማውን ወዲያው ጠማማ አድርጎ ያጸናዋል። ከፊት፣ ከላይና ከጎን ዐይታችሁ፣ ከእያንዳንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ጅራቱ ያለውን ርቀት በክር ለኩ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ክንፉ አልዞረም። የዳር ምሰሶዎቹን አስገቡ፣ ይደር። በማግስቱ በየመገጣጠሚያው ቅንጣት ሱፐር ግሉ በመርፌ ጨምሩ።

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ቀላል ነው። የልብስ ስፌት መርፌ ውሰዱ፣ የቀዳዳዋን ጫፍ በፒንሳ ግማሽ ላይ ቁረጡ። ሁለት ጥርስ ያለው ትንሽ ሹካ ይሆናል። በሱፐር ግሉ ስትነክሩት በጥርሶቹ መካከል አንዲት ጠብታ ይዞ ይወጣል፤ መገጣጠሚያውን ሲነካ ጠብታው ራሱ ተስቦ ይገባል። ሹካው በደረቀ ሙጫ ሲደፈን በክብሪት አቃጥሉት፤ ጭሱ ስለሚያስለቅስ መስኮት ከፍታችሁ።

ሽቦ ወጠራው ቀጥሎ ይመጣል። የእውነተኛው ሽቦ ስፋት 8 ሚ.ሜ ቢሆን በ1/48 0.17 ሚ.ሜ፣ በ1/72 0.11 ሚ.ሜ ይሆናል። ስለዚህ የልብስ ስፌት ክር አይሆንም፤ ወፍራም ነው፣ ጸጉርም ያወጣል። ሁለት ምርጫ አለ። የሚለጠጥ የሞዴል ክር ለጀማሪ ይሻላል፤ እጅ ቢነካው ተለጥጦ ይመለሳል፣ ክንፉንም አይጎትትም። ርቀቱን ለኩ፣ ከርቀቱ ሦስት አራተኛውን ያህል ቁረጡ፣ አንዱን ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ አጣብቁ፣ ሌላውን ለጥጣችሁ ያዙና አጣብቁ። ለ1/48 ታይገር ሞዝ ብክነቱን ጨምሮ 3 ሜትር ይበቃል። ሁለተኛው የናይለን ዓሣ ማጥመጃ ክር ነው፤ 0.08 ወይም 0.10 ሚ.ሜ። ርካሽ ነው፣ መልኩም የብረት ሽቦ ይመስላል። ከላላ ሰንደል ለኩሱና ፍሙን ሳታስነኩ ከ5 ሚ.ሜ ርቀት ላይ በክሩ ሥር ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉት፤ ክሩ ተሰብስቦ ቀጥ ይላል። አንድ ቦታ ላይ ከዘገያችሁ ግን ይበጠሳል። ናይለን ስለሚጎትት ግራና ቀኙን እያፈራረቃችሁ ወጥሩ፤ አንዱን ወገን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ብትሄዱ ክንፉ ወደ መጀመሪያው ያዘነብላል።

ቅደም ተከተሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። በመካከሎቹ ምሰሶዎች ዙሪያ ያሉት ይቀድማሉ፤ ቀጥሎ ከአካሉ ሥር ተነሥተው ወደ ዳር ምሰሶዎች አናት የሚወጡት፣ በበረራ ክንፉን የሚይዙት፤ ከዚያ ከላይኛው ክንፍ መካከል ወደ ዳር ምሰሶዎች ግርጌ የሚወርዱት፤ በመጨረሻ በፊትና በኋላ ምሰሶ መካከል የሚጣመሩት። የጅራቱ መሪ ገመዶች ከሁሉም በኋላ። ጎማ፣ ፕሮፔለርና የንፋስ መከላከያ መስታወቱ ገና አይለጠፉ፤ ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚወጣው ተን ግልጹን ፕላስቲክ ነጭ ጉም ያለብሰዋል።

ሽቦ የሚያስፈራው ሰው ከጣሊያኑ ተዋጊ ፊያት ሲአር 42 ይጀምር። ምሰሶዎቹ በደብልዩ ቅርጽ ተያይዘው ክንፉን ራሳቸው ስለሚይዙ ሽቦው ጥቂት ነው፤ ኢጣሌሪ በ1/72 አለው። ይህ አውሮፕላን በ1940 እና 1941 በምሥራቅ አፍሪካ ሰማይ ከግላዲያተር ጋር የተዋጋ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ስኬል ጎን ለጎን ማቆም ለእኛ ትርጉም ያለው ስብስብ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ግን ልብ የሚፈልገው ፖቴዝ 25ን ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር አዲስ አበባ የገባው፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው አውሮፕላን እሱ ነበር፤ ያበረረው ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ነው። ክንፉ 14.14 ሜትር ስለሆነ በ1/72 እንኳ 19.6 ሴ.ሜ ይሆናል። የታችኛው ክንፍ ከላይኛው በጣም ስለሚያንስ ምሰሶዎቹ ወደ ውጭ ያዘነብላሉ፤ የካርቶን መያዣውን ለእሱ ለብቻው መቁረጥ ግድ ነው። ለኢትዮጵያ ምልክቱ ፎቶ ስትፈልጉ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። በዚያ ዘመን ብዙ ይሠራበት የነበረው የኦርቶክሮማቲክ ፊልም ቀይ ብርሃን አያይም። ቀይ ጥቁር መስሎ ይወጣል፣ ቢጫም ይጠቁራል፣ ሰማያዊ ደግሞ ይነጣል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጎን ለጎን የተቀባ ምልክት በእንዲህ ያለ ፎቶ ሲታይ ከሦስቱ የትኛው የት እንዳለ በጥቁረቱ ብቻ አይለይም። ቅደም ተከተሉን ከሌላ ማስረጃ ሳታረጋግጡ ክንፉ ላይ ብሩሽ አታሳርፉ።